ይውደም ባልኩበት አፌ

ክፍሉ ንጹሕ ነበር፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ ተቀብቷል፣ ወለሉ በረኪና በረኪና ይሸታል፣ ጥግ ላይ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። በሩ ግን ከውጭ ተቆለፈ። ቁልፉ ሲዞር ስሰማ አግዳሚው ላይ ዘጭ አልኩ። ከአገሬ ያስወጣኝ ነገር ሮም ድረስ ተከትሎኝ የመጣ መሰለኝ።

አብረውኝ የታሰሩት አንዲት የአስመራ እናት ነበሩ። በቋንቋቸው እናቴ ለማለት አደይ ነበር የምላቸው። በሰው ቤት ሲሠሩ ብዙ ዘመን ስለቆዩ ጣልያንኛውን እንደ ውሃ ይጠጡታል። የዚያን ዕለት ከሲኞራቸው፣ ከአሠሪያቸው፣ ፈቃድ ጠይቀው የወጡት ለእኔ ሊያስተረጉሙልኝ ነው። ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ስደተኞችን ጉዳይ የሚያየው ቢሮ ለቃለ መጠይቅ ቀጥሮኝ ነበር። ቢሮው የሚሠራው እስከ ምሳ ብቻ ነው፤ ከተዘጋ ቀጠሮዬ አለቀለት። ያን ቀን ስጠብቅ ደግሞ ዓመት አልፎኛል።

እንዴት እንደተያዝን ልንገራችሁ። መንገዳችን በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ነበር። እዚያ ስንደርስ ሰልፍ ገጠመን፤ ወጣቶች ናቸው፣ አሜሪካ አገራችን ላይ ሚሳይል አትትከል እያሉ ይጮኻሉ። አደይ ክንዴን ይዘው "ቶሎ ቶሎ እርገጪ፣ የኛ ጉዳይ አይደለም" አሉኝ። ልክ ናቸው። ግን አንዱ በድምፅ ማጉያ መፈክር አሰማ፣ ሰልፈኛውም ተቀበለው። ይኼኔ ግራ እጄ ጭብጥ ብሎ ወደ ላይ ተነሣ። እኔ አላዘዝኩትም።

አዲስ አበባ፣ ቀበሌያችን ስብሰባ ላይ "ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!" ሲባል ግራ እጁን ያላነሣ ወዮለት። ታላቅ ወንድሜ አንድ እሑድ ሳያነሣ ቀረ። በማግስቱ መጥተው ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲህ አላየነውም። እኔ ከዚያ በኋላ ከሰው ሁሉ ቀድሜ እጄን የማወጣ፣ ከሰው ሁሉ በላይ "ይውደም!" ብዬ የምጮህ ሆንኩ። አሜሪካ ምን እንደበደለችን እንኳ አላውቅም ነበር። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

የሮም ፖሊስ ይህን ከየት ይወቀው? ክንዴን ያዘኝ፤ አደይም አልለቃትም አሉ፤ ሁለታችንንም አንድ ላይ ጫኑን።

ኮሚሳሪያቶ፣ ፖሊስ ጣቢያው፣ ስንደርስ ሹሙ በአደይ አስተርጓሚነት ጠየቀኝ።

"በአሜሪካ ላይ ምን ብለሽ ጮኽሽ?"

"ምንም አላልኩም። እጄን ብቻ ነው ያነሣሁት።"

"ለምን አነሣሽ?"

"አገሬ ያላነሣ ይታሰራል።"

ሹሙ ቀና ብሎ ፊቴን አየ። "እዚህ ደግሞ..." ብሎ ጀመረና ተወው። ፔርሜሷችን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ እስኪጣራ ጠብቁ ተባልን፤ እሱም ለሌላ ጉዳይ ወጣ።

ጠባቂው ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነበር። ክፉ አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ መጣና በበሩ መስኮት አየን። "አሎራ፣ እንግዲህ ወረቀታችሁ ደህና ነው። ሹሙ እስኪመለስ መጠበቅ ነበረባችሁ፤ ግን 'ቪቫ ላሜሪካ' በሉና አሁኑኑ ልክፈትላችሁ" አለ። አሜሪካ ትኑር በሉ ማለቱ ነው። መቀለዱ ነበር፤ ቁልፉ ግን እጁ ላይ ነው።

አደይ ምን ገዷቸው! "ቪቫ ላሜሪካ!" አሉና ወደኔ ዞረው በአማርኛ "ከፈለገ እስክስታም እጨምርለታለሁ" አሉ። ጠባቂው እየሳቀ ከፈተላቸው።

"አንቺስ?" አለኝ።

እግዜር ያውቃል፣ የዚያን ጊዜ ከአሜሪካ በቀር የምመኘው አልነበረኝም። ግን ውስጤ እንደ እሳት ነደደ።

"አልልም" አልኩ።

አደይ ከደጅ ሆነው ጮኹ። "ምን ነካሽ፣ ልጄ! ሰዓቱ እኮ እየሄደ ነው! ልትሄጂ ደጅ የምትጠኚላትን አገር ትኑር ብትዪ ምን ይጎድልብሻል? ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ!"

"ጠልቻት አይደለም፣ አደይ።"

"ታዲያ?"

"ወንድሜን የበሉት ሰዎች ይውደም በይ ሲሉኝ አልኩ። ዛሬ በዚሁ አፌ ትኑር በይ ተባልኩ። እኔ መቼ ነው የራሴን የምናገረው? በትእዛዝ ከሆነ ደግ ቃልም ቢሆን አልልም።"

አደይ ተመልሰው ገቡና አጠገቤ ተቀመጡ።

"'ቪቫ' ብዬ በከንቱ ጮኽኩ በይኛ" አሉ ሻሻቸውን እያስተካከሉ።

ጠባቂው ግራ ገባው። "ማ ዳይ! ተይ እንጂ፣ ቀልዴን እኮ ነው" አለ።

"እሷ ግን የምሯን ነው" አሉት አደይ።

ፊቱ ቀላ። "እንግዲያው ሹሙን ጠብቁ" ብሎ በሩን ቆልፎ ሄደ። ሹሙ የተመለሰው ከምሳ በኋላ ነው። ምንም በሉ ሳይለን አሰናበተን። ወደ ቢሮው እየሮጥን ሄድን፤ ተዘግቷል።

ሌላ ቀጠሮ ሲመጣልኝ ባል አግብቼ፣ ልጅ ታቅፌ ነበር። ሮም ቀረሁ። አልተጸጸትኩም ብል ውሸት ነው፤ የሰው ደረጃ ሳጥብ ግትርነቴን የረገምኩበት ጊዜ ሞልቷል። አደይም እስኪሞቱ ድረስ ለሰው ሲያስተዋውቁኝ "ይቺ ናት ግትሯ በቅሎ" ይሉኝ ነበር። ደስ እያላቸው ነው የሚሉት።

በቀደም ልጄ ቤት ቴሌቪዥን ላይ ሰዎች ይከራከራሉ። አንዱ አሜሪካን የሚነቅፍ ሁሉ ጠላቷ ነው ይላል፤ ሌላው ነቀፌታና ጥላቻ ለየቅል ነው ይላል። ልጄ ወደኔ ዞረችና "ማማ፣ ቱ ኬ ፔንሲ?" አለችኝ። አንቺስ ምን ይመስልሻል? ማለቷ ነው።

ፀጉሬ ነጭ እስኪሆን ድረስ ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

"ቴሌቪዥኑን አጥፊውና ቁጭ በይ" አልኳት። አጥፍታው ተቀመጠች። የመሰለኝን ነገርኳት።