የመለስኩት ሰዓት

መጀመሪያ ሥራ የገባሁ ቀን፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ያለው የውኃ ፓምፕ ጣቢያ ጉም ውጦት ነበር። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ የጉድጓዱን የውኃ ከፍታና የሞተሩን ሥራ በየደቂቃው የሚመዘግብ ኮምፒውተር አለ። የተረኛ መዝገባችን በሐበሻ ሰዓት፣ እሱ በፈረንጅ። ሁለቱን ማስታረቅ ሰለቸኝና የኮምፒውተሩን ሰዓት ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መለስኩት። ለማንም አልነገርኩም፤ እንዲያውም ጎበዝ ነኝ ብዬ ኮራሁ።

ቀኑ የእኔ፣ ሌሊቱ የሰዒድ ተራ ነበር። ሰዒድ ከሳዑዲ ተመልሶ ሁለተኛ ላይሄድ የማለ ልጅ ነው።

ከዓመታት በኋላ አንድ ማታ፣ ሰዒድ ገና ከመረከቡ ሞተሩ ተቃጠለ። ኮምፒውተሩንም ይዞት ሄደ። ፓምፑ ውኃ ሳያገኝ ሲዞር ቆይቷል ተባለ፤ በማን ተራ ግን አልታወቀም።

ከደሴ ሰላማዊት የምትባል ኢንጂነር መጣች። የድሮውን መረጃ ለማውጣት ሦስት መንገድ እንዳለ አስረዳችን። አንደኛው በራሱ ፕሮግራም መክፈት ነው፤ ለዚያ የሚሰካው ጣት የምታህል ቁልፍ ጠፍታለች። ሁለተኛው በየወሩ ወደ ሰንጠረዥ ተገልብጦ የተቀመጠውን ማየት ነው፤ ማናችንም ገልብጠን አናውቅም። የቀረው ዲስኩን ነቅሎ ፋይሉን በሌላ ፕሮግራም መክፈት ነበር። እሱን አደረገች። ቁጥርና ሰዓት ብቻ ተዘረገፈ።

«ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ጉድጓዱ ደርቋል፤ ሞተሩ አንድ ሰዓት ሙሉ በባዶ ሠርቷል» አለች።

ኃላፊያችን የሰዒድ የስንብት ደብዳቤ እንዲጻፍ አዘዘ። ሰዒድ ፓስፖርቱ ይታደስ እንደሆነ ብቻ ጠየቀኝ።

ስክሪኑን አየሁት። አራት ሰዓት ይላል። እሷ የፈረንጅ አራት መስሏት ነው ሌሊት ያደረገችው። የእኔ አራት ነው፤ የረፋዱ።

ያን ረፋድ አስታወስኩት። ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ወጥታ፣ የሞቀ ግድግዳ ተደግፌ ነበር። የሞተሩ እምምታ እንደ እሹሩሩ ወሰደኝ። በሕልሜ ውኃው ቧንቧውን ትቶ፣ ቀስ እያለ፣ በእግሩ ወደ አቀስታ ደጋ ይወጣል። የሞተሩ ድምፅ ሲቀጥን ሰምቼዋለሁ፤ ውኃው እየራቀ መስሎኝ ደስ አለኝ። እንዴት ያለ ጣፋጭ እንቅልፍ ነበር! እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ዝም ብል የሚያውቅ አልነበረም።

«ሰዓቱን የመለስኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «የተኛሁትም እኔ ነኝ።»

ደብዳቤው ተቀደደ። እኔ ከመቆጣጠሪያ ክፍል ተነስቼ የቧንቧ መስመር ጠባቂ ሆንኩ፤ ጡረታ የወጣሁትም በዚያው ነው። ሰዒድ የክፍሉን በር ቁልፍ ሲረከበኝ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

«አብሽሩ ጋሼ» አለኝ። «እኔም ወላሂ ስንቴ አሸልቤያለሁ። በእኔ ጊዜ ግን ጉድጓዱ ውኃ ነበረው።»

እንግዲህ የቆየ መረጃ የምትከፍቱ ልጆች፣ በየትኛውም መንገድ ክፈቱት፤ ሰው ከመጠየቃችሁ በፊት ግን ሰዓቱን ማን እንደሞላው ጠይቁ።