ጓሮ የገባ ጥላ

አስካለች ቃሪያ ከገበያ አትገዛም። ሶዶ ውስጥ በሰፈሯ ይህን የማያውቅ የለም። ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ሥጋው ከየትም ይምጣ፤ ዳጣው ግን የሚፈጨው ከራሷ ጓሮ በተለቀመ ቃሪያ ነው። የልጇ ባል ይልቃል ከአረካ መጥቶ የመጀመሪያውን ሥጋ አጥቅሶ ሲጎርስ ዓይኑ እንባ ካልሞላ፣ ለእሷ ዓመቱ አልተለወጠም።

ቃሪያው የሚበቅለው ከቤቷ ኋላ፣ የጎረቤቷን የሳሊህን አጥር ተከትላ በተዘረጋች ጠባብ መደብ ላይ ነው። ከቤቷ ፊት ሰፊ ቦታ አለ፤ ግን ሣር ነው፤ የደጅ ሣር ደግሞ አይቆፈርም። እንግዳ የሚቀመጥበት፣ ለቅሶ የሚደረስበት ነው። የባሏ እናት በሕይወት ሳሉ «ደጅሽን የቆፈርሽ ቀን፣ ሰው አያስፈልገኝም አልሽ ማለት ነው» ይሏት ነበር። ባሏን የቀበረች ሰሞን ሰፈሩ ሁሉ እዚያ ሣር ላይ ሲቀመጥላት ቃላቸው ገባት።

ሳሊህ ባለሱቅ ነው፤ ሱቁም እዚያው አጥሩ ጥግ ነው። አባቱ ከስልጤ መጥተው ሱቁን የከፈቱት እሱ ሳይወለድ ነው፤ አስካለች ድክ ድክ ሲል ጀምሮ ታውቀዋለች። ባለፈው ታኅሣሥ ሱቁ ላይ ፎቅ ሊጨምር ተነሣና የጎረቤት ስምምነት ወረቀት ይዞ መጣ።

«እትዬ አስካለች፣ አንድ ፊርማ።»

«ፀሐዬን ብትወስድብኝስ?»

«ይዩትና ይፈርሙ። አላስቸኩልዎትም።»

አየች። ሦስት ቀን ሙሉ፣ በሦስት ሰዓት፣ በስድስት ሰዓት፣ በዘጠኝ ሰዓት ወጥታ መደቡ ላይ ቆመች። የሱቁ ጥላ በሳሊህ ግቢ በኩል እንጂ በእሷ በኩል አንዴም አልወደቀም። «ቢረዝምም የሚረዝመው ወደ ራሱ ነው» ብላ ፈረመች። እስከዚያ ቀን ድረስ ወረቀት ሲመጣ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ ነበር የምታሳርፈው። ያን ቀን ግን በጎልማሳ ትምህርት ባገኘችው ፊደል ስሟን በገዛ እጇ ጻፈች፤ ደስ እያላት።

ፎቁ መጋቢት ላይ አለቀ። በሚያዝያ ዝናብ ሃያ የቃሪያ ችግኝ ተከለች። በግንቦት ቃሪያው ሽቅብ ተመዘዘ፤ ግንዱ እንደ ቀጭን ሸንበቆ ሆነ፤ አበባ ያወጣና በማግሥቱ ያራግፈዋል። ፍግ ጨመረችለት፤ ቅጠሉ ብቻ ሰፋ። አመድ ነሰነሰችበት፤ እንደዚያው።

ሰኔ ላይ አንድ ቀን ዝናቡ አባራ፤ ሳምንታት ሰማዩን የሸፈነው ደመናም ተገፈፈ። የጎመን ዘር ልታሰጣ ሰሌኗን ተሸክማ ወደ ጓሮ ስትሄድ መንገድ ላይ ቀጥ አለች። ፀሐይዋ ከፎቁ ኋላ ናት። ጥላው ከዳር እስከ ዳር መደቡ ላይ ተጋድሟል።

አርባ ዓመት! አርባ ዓመት ሙሉ በበጋ ሰሌኗን ደጅ ትዘረጋለች፣ በክረምት ጓሮ። ፀሐይ በበጋ በደጁ በኩል፣ በክረምት በጓሮው በኩል እንደምታልፍ እግሯ ያውቃል። ስትፈርም ግን ዓይኗን ብቻ ጠየቀች፤ እግሯን አልጠየቀችም።

«አንቺ ደንቆሮ!» አለች ለራሷ፣ ጮክ ብላ። ሰሌኑን ጥላ ወደ ሱቁ ሄደች። ሳሊህ ስኳር እየመዘነ ነበር።

«ሳሊህ፣ ጥላህን ከጓሮዬ ሰብስብ!»

«ምን አደረገ እትዬ? ቃሪያ ሰረቀ?»

«አመከነው!»

ተከትሏት መጣና ቃሪያውን፣ ፎቁን፣ ሰማዩን በየተራ አየ። «ወላሂ በታኅሣሥ እንዲህ አልነበረም።»

«እሱማ አልነበረም!»

«ደግሞ ቆመው ያዩት እርስዎ…»

«አውቃለሁ! እሱ አይደል የሚያቃጥለኝ!»

ሳሊህ አንገቱን አከከ። «ግድግዳውን ኖራ ልቀባው። ነጭ ነገር ብርሃን ይመልሳል ይላሉ።» ቃሉን አክብሮ ቀባው። በሦስተኛው ቀን የወረደው ዝናብ ኖራውን አጥቦ ቃሪያው ላይ አፈሰሰው፤ ቅጠሉ ሁሉ አሞራ ያደረበት መሰለ። አስካለች እያንዳንዷን ቅጠል በጨርቅ ስትጠርግ ዋለች። ከዚያ በኋላ ሳሊህ ሲያያት ወደ ሱቁ ውስጥ ገባ ማለት ጀመረ።

ከሁሉ የሚያበግናት ደግሞ እዚያው ጥላ ሥር ዝንጅብሉና ድንብላሉ መስባታቸው ነው። ጎመኑማ አንዱ ቅጠል ሕፃን ይጠቀልላል። ጎረቤቶች «ጓሮሽ ዘንድሮ እንዴት አምሮበታል!» ይሏታል።

«ቃሪያ ፈልጉበት እስቲ» ትላለች።

ጊፋታ ደረሰ። ከሃያው ግንድ የተለቀመው አሥራ አንድ ቃሪያ ነው። ልጇ ብሩክታይት ከባሏ ጋር ከአረካ መጥታ መዳፏ ላይ አየችው።

«እናቴ፣ ሮጥ ብዬ ከገበያ ላምጣ። ማን ያውቃል?»

«እኔ!»

ያለውን ፈጨች። ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ድንብላሉ ምንም አልጎደለም። ይልቃል ሥጋውን አጥቅሶ ጎረሰ። አስካለች ዓይኑን አየች፤ ደረቅ ነው። ደገመ፤ ደረቅ ነው።

«እማዬ፣» አለ በትሕትና፣ «የዘንድሮው ዳጣ ይጣፍጣል።»

ባለጌ ልጅ አይደለም። በአሥራ ሁለት ዓመት አማችነቱ ከዚህ የከፋ ነገር ተናግሯት አያውቅም። ብሩክታይት በክርኗ ጎሸመችው።

«ምን አልኩ?»

«ዝም ብለህ ብላ!»

አስካለች ጎመን ጨመረችለት። ጎመንማ ሞልቷል።

እንግዶቹ በተመለሱ ማግሥት መቆፈሪያዋን አንሥታ ደጅ ወጣች። ከቤቷ ግድግዳ ሦስት እርምጃ ርቆ፣ ሣሩ መሃል አንድ ችካል ተተክሏል። ሰኔ ላይ፣ ያን የተናደደች ዕለት፣ የዝቅተኛው ቤቷ ጥላ የት ድረስ እንደሚመጣ ለክታ የተከለችው ነው። በበጋ ደግሞ ቦታው የሰሌኗ ነው፤ ፀሐይ አይጠፋበትም። ሦስት ወር ሙሉ ችካሉን እያየች ታልፈው ነበር፤ የባሏ እናት ቃል እጇን ይዟት።

የሣሩ ሥር ተቋጥሯል። በመጀመሪያው ምት አልተበገረም፤ በሦስተኛው ተገነጠለ፤ ከሥሩ ጥቁር ቀይ አፈር ወጣ።

ሳሊህ ሱቁን ሊከፍት ሲያልፍ አይቶ ደነገጠ። «እትዬ! የደጁን ሣር? እንግዳ ሲመጣ የት ሊቀመጥ ነው?»

ቀና አላለችም።

«ጓሮ፣» አለችው፣ «ያንተ ጥላ ሥር።»