የዘይነባ ፍየልና የገና ዛፌ ውሃ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ገና ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ነው። የሰፈራችን ቦኖ ላይ ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ዛሬም ሲያዩኝ ስለሚስቁ፣ ልርሳው ብል እንኳን አያስረሱኝም።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ያበቃ አያት ነኝ። ፍርድ ሲጓደል ግን ዝም ማለት አልችልም። ሸዋሮቢት ውስጥ፣ እኛ ቦኖ ላይ፣ ወረፋ የሚያፋልስ ካለ ጀሪካኑን አንስቼ ከኋላ የማሰልፈው እኔ ነኝ። የሾመኝ የለም፤ አፌን ፈርተው ነው።

ያን ሰሞን የልጅ ልጄ ሄለን ለበዓል ከአዲስ አበባ ልትመጣ ነበርና፣ “እማዬ፣ ዘንድሮ የፕላስቲክ ዛፍ ሰለቸኝ፤ እውነተኛ ጥድ ይሁንልኝ” አለችኝ። በእኛ ቆላ ጥድ ከየት ይመጣል? ደብረ ሲና ላለችው እህቴ ለየሺ ደወልኩ። ከግቢዋ ጥድ ላይ ቁመቴን የሚያክል ቅርንጫፍ አስቆርጣ በሚኒባስ ላከችልኝ። “ሙቀቱ እንዳያደርቀው ከፀሐይ አርቂው፤ እግሩን ውሃ ውስጥ አድርጊው” አለችኝ።

ባልዲ ውስጥ በድንጋይ ደግፌ አቆምኩት፤ ውሃ ሞላሁበትና በረንዳው ጥላ ላይ አኖርኩት። በማግስቱ ሳየው ውሃው ጎድሏል። ሞላሁት። በነጋታው እንደገና ጎደለ። ውሃ በሦስት ቀን አንዴ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀልድ አይደለም።

ባልዲውን አገላብጬ አየሁት፤ አያፈስም። ቀና ስል የጎረቤቴ የዘይነባ ፍየል አጥሩ ሥር ቆማ ታመነዥካለች። አፏ እርጥብ መሰለኝ። ሌላ ምስክር አልፈለግሁም።

ዘይነባ የሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ ናት። በእሷ አረፋ እኔ እሄዳለሁ፣ በእኔ ገና እሷ ትመጣለች። ሥጋችን ባይገናኝ ዳቦአችን ይገናኛል። ያን ሁሉ ረስቼ ቦኖው ላይ፣ ሴቱ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ “ፍየልሽ ውሃዬን ጨረሰችው፤ እሰሪያት!” አልኳት።

“ወላሂ አስካለ፣ ፍየሌ በረንዳሽን አልረገጠችም።”

“ታዲያ ማን ጠጣው? ጅኒ ነው?”

“እኔ ምን አውቄ? የባልዲሽ ዘበኛ አርገሽ ቀጥረሽኛል?”

ጀሪካኗን አንስታ ሄደች፤ ፍየሏንም አሰረቻት። ከዚያ ወዲያ እንዴት አደርሽ ስላት ፊቷን አዙራ ታልፋለች። ልቅ መዋል የለመደችው ፍየል ሦስት ቀን ሙሉ ስትጮህ ዋለች። እኔም “ፍርድ ፍርድ ነው” እያልኩ ባልዲዬን እሞላለሁ።

ውሃው ግን መጉደሉን አልተወም። የባልዲውን ውስጥ በከሰል አሰመርኩበት። ከመስመሩ በታች ወረደ። ቀጥዬ የዘይነባን ዶሮዎች ጠረጠርኩ። በመጨረሻ ጥዱን ከነባልዲው ወደ ውስጥ አስገባሁ፤ በሩን ቆለፍኩና ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩ። ጠዋት ስከፍተው ውሃው ከከሰሉ መስመር ሁለት ጣት ወርዷል። ፍየል የለ፣ ዶሮ የለ። እኔና ጥዱ ብቻ ነን።

ለየሺ ደወልኩና ነገሩን ነገርኳት። ስልኩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

“ዛፉ ነዋ የሚጠጣው! ታዲያ እግሩን ውሃ ውስጥ አድርጊው ያልኩሽ ለምን መሰለሽ?”

“እንዲቀዘቅዘው ነዋ!”

እውነቴን ነው። እኛ ቆለኞች ሙቀቱ ሲብስብን እግራችንን ውሃ ውስጥ እንነክር የለ? ደገኛው ጥድም ሙቀቱን እንዲችለው መስሎኝ ነበር። የተቆረጠ እንጨት ይጠጣል ብዬ በምን ልጠርጥር?

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። አልዋሽም፣ አስቤዋለሁም። ነገር ግን የከሰስኳት በአደባባይ ነው። ገናም ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ ያለ ዘይነባ ደግሞ ገና አሳልፌ አላውቅም።

ውሃ የሚመጣበት ቀን ስለነበር በአገራችን ወግ ድንጋይ ተሸክሜ ቦኖው ጋ ሄድኩና ፊቷ ቆምኩ። “የጠጣው ዛፉ ነው” አልኩ። ሳቁ ፈነዳ፤ አንዷ ጀሪካኗ ላይ ተቀመጠች።

ዘይነባ አልሳቀችም። “ድንጋዩን አውርጂው” አለችኝ። “ወገብሽ ቢቀጭ ደግሞ ፍየሌን ልትከሺ ነው።” ቀጥላም፣ “እኔስ ይቅር ብያለሁ። የታሰረችው ግን እሷ ናት። ሦስት ቀን ታስራለች፤ ሦስት ቀን ሳሯንም ውሃዋንም አንቺ ታቀርቢያለሽ። ከራስሽ ድርሻ!” አለችኝ።

ፍርዱ ልክ ነበር። እኔም ብሆን ከዚያ አላሳንስም።

የገና ዕለት ዘይነባ መጣች። ለእኔም ለሄለንም ሰላምታ ሳትሰጥ በፊት የያዘችውን ጆግ ባልዲው ውስጥ ገለበጠችው። “እንግዳሽ ጠምቶታል” አለች። ያኔ ነው የሳቀችው። ጥዱም እስከ ጥምቀት ለምለም ሆኖ ቆየ።

አሁን ሳስበው አፍራለሁም፣ እስቃለሁም። አንድ ነገር ብቻ ያበሳጨኛል። ያቺ ፍየል በረንዳዬ ላይ ባበላኋትና ባጠጣኋት ሦስት ቀናት መንገዱን ለመደች። ዛሬም በየጠዋቱ እየመጣች በእርግጥም ውሃዬን ትጠጣለች። ለማን ልክሰሳት?