እግር የሚደርስበት ውሃ

እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። የማውቀው ውሃ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ላይ በፈረቃ የምንጠብቀውን፣ በጄሪካን የምናጠራቅመውን ነው። ያም ሆኖ ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት ሥራዬ ባሕር ሆነ። አንድ መምህራችን ከሳተላይት በተነሡ ምስሎች የቀይ ባሕርን ዳርቻ፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ሥር ያለውን ወለል፣ ካርታ ይሠሩ ነበር። ፈቃደኛ ተማሪ ሲጠይቁ መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ውሃው ጥርት ያለ ከሆነ የፀሐይ ብርሃን እስከ ወለሉ ወርዶ ይመለሳል፤ ሳተላይቱ የሚይዘው ያንን ነው። አሸዋ ነጣ ብሎ ይታያል። የባሕር ሣር ይጠቁራል። ኮራል የሚሉት የባሕር ውስጥ ቋጥኝ ዥጉርጉር ነው። ችግሩ፣ ጥልቅ ውሃም ጥቁር መሆኑ ነው። ከጉልበት በማያልፍ ውሃ ውስጥ የበቀለ ሣርና ሰው የሚውጥ ገደል ከላይ ሲታዩ አንድ ቀለም ሊኖራቸው ይችላል። እርግጡን የምናውቀው ሰው በጀልባ ሄዶ ጥልቀቱን የለካበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ያልተለካውን መምህራችን፣ "አልታወቀም ብላችሁ ተዉት። ካርታው እንዲያምር ብላችሁ ቀለም እንዳትሞሉበት" ይሉናል። ሌላም ልማድ አለን። ከመጀመራችን በፊት ውሃው ላይ ያለውን ሁሉ እናጠፋለን፦ ማዕበሉን፣ የፀሐዩን ነጸብራቅ፣ ጀልባውን። ወለሉን የሚጋርድ ነገር ለእኛ ጉድፍ ነው።

እናቴ ይህን ሁሉ ሰምታ ደረጃ ላይ ለጎረቤት ያወራችው በአጭሩ ነበር። "ልጄ ከቤቷ ሆና ባሕር ታያለች።"

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን መጡ። አየር ጤና የልብስ ሱቅ አላቸው፤ ቅዳሜን ሱቅ ዘግተው የሚውሉ ሴት አይደሉም። ነፋሱ ከቆሼ ቆሻሻ መጣያ በኩል ስለነበር መስኮቱን ዘግተን ክፍሉ ታፍኗል። ነጠላቸውን እንኳ ሳያወርዱ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጡ።

"እስኪ ባሕሩን ክፈቺልኝ።"

ከፈትኩላቸው።

"አሁን ያለውን ነው የምልሽ።"

"እትዬ፣ ይሄ ቀጥታ አይደለም። ቀደም ብሎ የተነሣ ነው።"

"ታዲያ ጀልባዎቹ የታሉ?"

"እነሱን... እናጠፋቸዋለን።"

ዞር ብለው አዩኝ።

ጋራዥ ይሠራ የነበረው ልጃቸው "ሐዋሳ ሥራ አገኘሁ" ብሎ ከሄደ ሰንብቷል። ሐዋሳ አለመሆኑን የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው። ጅቡቲ ባሕሩ ዳር ደርሶ ተራ እየጠበቀ ነበር። ደላላው ያለውንም በስልክ ነግሯቸዋል፦ ጀልባው ማዶ ዓረብ አገር ሲደርስ ወደ መሬት አይጠጋም፤ ራቅ ብሎ ያወርዳቸዋል፤ የቀረውን ውሃ በእግራቸው ይሄዱታል።

"ዋና አይችልም" አሉ። "እኔ ሌላ አልጠይቅሽም። እዚያ ቦታ እግሩ መሬት ይነካል ወይ?"

ልጃቸው እዚያ ጋ ነው የምንወርደው ብሎ የነገራቸውን መንደር ፈልጌ አገኘሁ። ከዳርቻው ጀምሮ ነጭ አሸዋ አለ። ከአሸዋው ወዲህ፣ ጀልባው በሚመጣበት በኩል ግን፣ ዳርቻውን ተከትሎ የሚሄድ ሰፊ ጥቁር ነገር ተዘርግቷል። ውስጡ አንድም የተለካ ነጥብ የለም።

ጣታቸውን ነጩ ላይ አደረጉ። "ይሄስ?"

"እሱ ጥልቅ አይደለም። ይቆምበታል።"

"ተመስገን። ጥቁሩስ?"

እኔ ሰው ቅር ሲለው ማየት አልችልም። "ሣር ነው" የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። እናቴም ከኋላቸው ቆማ በዓይኗ በያቸው፣ በያቸው ትለኛለች።

"አይታወቅም እትዬ" አልኩ። "ሣር ሊሆን ይችላል። ገደልም ሊሆን ይችላል።"

"ልጄ ረጅም ነው እኮ! በዚህ በር እንኳ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው።"

ስልካቸውን አወጡ። ደውለው፣ ደህና መሆኑን ጠይቀው፣ "ይቺ ልጅ የምትነግርህን ስማ" ብለው ሰጡኝ።

"አንቺ ሳተላይት!" አለ፣ እንደ ድሮው እየቀለደ። "እየታየሁሽ ነው? ፀጉሬን ላበጥር?"

አልሳቅኩም። "ስማኝ። ጥቁር ውሃ ላይ ውረዱ ቢሏችሁ እንዳትወርድ። ውሃው ነጣ እስኪል ቆይ። ነጩ ላይ እግርህ ይደርሳል።"

ቀልዱን ተወ።

"የምንሻገረው እኮ በሌሊት ነው" አለኝ። "ሁሉም ጥቁር ነው።"

"እምቢ በላ!"

"ማንን? ዱላ የያዘውን?" ከጀርባው አንድ ሰው ጮኸ፤ ሰዎች ተንጋግተው ሲነሡ ተሰማኝ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "በቃ ጠሩን። ለእማዬ ነጩ ላይ ነው የሚያወርዱን በያት። እሺ?"

ስልኩ ተዘጋ።

"ምን አለ?" አሉኝ እትዬ።

እናቴን አየሁ። ከዚያ ስክሪኑን።

"በሌሊት ነው የምንሻገረው አለ። ቀለሙን መለየት አይችልም።"

ስልኩን ከእጄ ነጥቀው መልሰው ደወሉ። አንዲት ሴት በማናውቀው ቋንቋ ረጋ ብላ ተናገረች። እንደገና ደወሉ፤ ሴትየዋ ያንኑ ደገመች። የተቀዳ ድምፅ መሆኑን እትዬ ያውቃሉ፤ የሱቅ ሰው ናቸው፣ ሲደውሉ ነው የሚውሉት። ቢሆንም ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ "እባክሽ፣ ልጄን ጥሪልኝ" አሏት።