በተቆለፈው ግቢ የሰማነው ታሪክ

ልጅ ሳለሁ እንቅልፍ እንደ ሌሎች ልጆች በቀላሉ አይመጣልኝም ነበር። ያደግኩት መርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ ጀርባ በሚገኝ ጠባብ ግቢ ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የተሸካሚዎችን ጩኸት፣ የመኪናውን ጥሩምባና የብረት ቅጥቀጣውን ሲሰማ የዋለ ጆሮዬ፣ ገበያው ተዘግቶ ጸጥ ሲል ጭራሽ ይበረግጋል። ቆርቆሮ ኳ ካለ ሌባ መጣ እላለሁ፤ ሰው ቆሻሻ ካቃጠለ ሰፈሩ ተቃጠለ እላለሁ። እናቴ «እኛ ዘበኛ መቅጠር አያስፈልገንም፣ ወልደናል» እያለች ትስቅብኝ ነበር። እኔን ግን አያስቀኝም፤ ከልቤ ነበር የምፈራው።

ያንን ፍርሃት ለጥቂት ጊዜ የሚያስረሱኝ ጋሽ ሳህሌ ነበሩ። ጋሽ ሳህሌ በግቢያችን ውስጥ፣ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ ፍራሽ ሰፊ ናቸው። በራቸው ላይ የተበጠረ ጥጥ እንደ ኮረብታ ተከምሮ ይውላል፤ በዚህ የተነሳ ግቢው ውስጥ ክብሪት የሚጭር ሰው ካዩ አይምሩትም። ሻማ እንኳ አያበሩም ነበር። መብራት ሲጠፋ ያቺን አሮጌ ባትሪያቸውን በክር አስረው ጉበኑ ላይ ይሰቅሏታል፤ ሻይ የሚያፈሉባትን የከሰል ምድጃም ከጥጡ አርቀው የውጭው በር አጠገብ ያስቀምጧታል። ያኔ እኔና ታናሽ ወንድሜ አቤል ምሽት ላይ ያላለቀ ፍራሽ ላይ ተጋድመን፣ ፍሙ ቀስ እያለ አመድ ሲለብስ እያየን፣ እሳቸው መርፌያቸውን ኮታቸው ላይ ሰክተው የሚነግሩንን ታሪክ እናዳምጥ ነበር።

ታሪካቸው ሁሉ የወንጌል ነው፤ አነጋገራቸው ግን የራሳቸው ነው። በወጣትነታቸው ዝዋይ ሐይቅ ላይ ከዓሣ አጥማጆች ጋር ሠርተው ስለነበር የገሊላ ባሕር በእሳቸው አፍ ዝዋይን ነው የሚመስለው፤ ዓሣው ሳይቀር ቆሮሶ ነው። ጴጥሮስን ደግሞ አፉ ከሐሳቡ የሚቀድም የአብነት ታክሲ ረዳት አድርገው ስለሚነግሩን፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሥዕሉን ሳይ በዚያ ሁሉ ጺምና ጸጥታ እሱ መሆኑን አላምን ብዬ ነበር። ታሪኩ መሃል ላይ ሲደርስ ያቆሙና «አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» ይሉኛል። እኔ ሁልጊዜ «እሮጣለሁ» ነበር መልሴ። «ባሕር ላይ ወዴት ይሮጣል?» እያሉ ይስቁብኛል።

አንድ ቅዳሜ አመሻሹ ላይ መብራት ጠፋ፤ ወዲያው ከጀርባችን በኩል «እሳት! እሳት!» የሚል ድምፅ ተሰማ። አባቴ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሱቅ እሳቱ በተነሳበት መስመር ላይ ስለነበር ጫማውን እንኳ በወጉ ሳያጠልቅ ሮጦ ወጣ። እናቴ ተከተለችው። የውጭው በር ጋ ስትደርስ ዞር ብላ «ጋሼ፣ ልጆቹን አደራ» አለች፤ ከዚያ በሩ ሲዘጋ፣ ቀጥሎም ከውጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

በሰፈራችን ያኔ እሳት ሲነሳ ሰው ሁሉ የሱቁን ዕቃ ለማውጣት ግልብጥ ብሎ ይወጣል፤ ግርግሩን ተገን አድርጎ ሌባ እንዳይገባም ግቢውን ከውጭ ይቆልፋል። የእናቴ እጅ የለመደውን አደረገ። አደራ ያለችበት አፏ ሳይዘጋ እጇ ጓጉንቸሩን ቆለፈ፣ ቁልፉም በቀሚሷ ኪስ ተከትሏት ሄደ። በዚያው ግቢ የሚኖሩት ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራም ጨርቅ ከሚሸጡበት ሱቅ ገና አልተመለሱም ነበር። ግቢው ውስጥ የቀረነው እኔ፣ አቤልና ጋሽ ሳህሌ ብቻ ነን።

ጋሽ ሳህሌ ወደ በሩ ሄደው እጃቸውን በቀዳዳው አሾለኩና ጓጉንቸሩን ዳበሱት። ብረቱን ሲነኩ ትከሻቸው ዝቅ ሲል አየሁ። «ኧረ የሰው ያለህ፣ እዚህ ልጆች አሉ» ብለው ተጣሩ፣ በሩንም በድንጋይ ደበደቡት፤ ውጭ ያለው ሰው ግን ሁሉም የሚጮኸው ለራሱ ነበርና ማን ይስማቸው። አጥሩ ረጅም ቆርቆሮ ነው፤ እንኳን እሳቸው ጎረምሳም አይወጣውም። ሰማዩ ቀልቶ ፍንጣሪው እየተንሳፈፈ ግቢያችን ውስጥ መውደቅ ጀመረ። ከበርሜሉ ውሃ እየቀዱ ጥጡ ላይ ደፉ፣ ሮጠው ይቀዳሉ፣ ተመልሰው ይደፋሉ፤ በርሜሉ ሲያልቅ ግን የክምሩ ግማሽ ገና ደረቅ ነበር። እያንዳንዱን ፍንጣሪ በዓይኔ እየተከተልኩ የት እንደሚያርፍ አያለሁ። ጭሱ ጉሮሮዬን ያቃጥለኛል፣ አቤል ያለቅሳል፣ እኔ ማልቀስ እንኳ አቅቶኛል።

በመጨረሻዋ ውሃ ያራሷትን አንሶላ ይዘው መጡና ከጥጡ አርቀው፣ የውጭው በር ሥር አስቀመጡን። እሳቸውም በሩን ተደግፈው ተቀመጡ። አንሶላውን ደረቡብን።

«ጋሼ፣ በሩ ተቆልፏል አይደል?» አልኳቸው።

«አዎ ልጄ፣ ተቆልፏል።»

«እንሞታለን?»

«እሱን እኔ አላውቅም» አሉ። አንሶላውን ወደ ላይ ሳብ አደረጉልንና «የታንኳውን ታሪክ ልንገራችሁ» አሉን።

ታሪኩን ስንት ጊዜ ነግረውናል። ጌታ ሲያስተምር ውሎ ደክሞት ታንኳው ውስጥ ተኛ፤ ነፋስ ተነሳ፣ ውሃው ታንኳውን ሊሞላው ደረሰ፤ እሱ እንደተኛ ነው። ሌላ ጊዜ እዚህ ላይ ሲደርሱ ጴጥሮስ ሲቀባጥር የሚያሳዩን ጨዋታ ነበራቸው። ያን ቀን ጨዋታ የለም። «ቀሰቀሱት» አሉ። «ኧረ ተነስ፣ እኛ እያለቅን አንተ እንዴት ትተኛለህ አሉት። ልጆቹን አታይም ወይ አሉት።» ታሪኩ ውስጥ ልጆች እንዳልነበሩ አውቃለሁ፤ ለማረም ግን ልብ አልነበረኝም። «ተነስ አሉት። ጌታዬ፣ ተነስ አሉት» እያሉ ያችኑ ቦታ ይደጋግማሉ፤ ታሪኩ ከዚያ አላልፍ አለ።

አቤል ከአንሶላው ሥር «ነቃ?» ብሎ ጠየቀ።

«ገና ነው። እየቀሰቀሱት ነው።»

አንድ ነገር በኃይል ፈነዳ፤ ጎማ ይሁን ሌላ አላውቅም። አቤል ጮኸ። ጋሽ ሳህሌ እጃቸውን ራሴ ላይ አሳርፈው ጉልበታቸው ላይ አስተኙኝ። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው ድምፃቸውን ብቻ ነው። እንዴት እንደሆነ ዛሬም አይገባኝም፤ ዝናብ ጣራ ሲመታ እንቅልፍ የማይወስደኝ ልጅ፣ እሳት አናቴ ላይ ቆሞ፣ በር ተቆልፎብኝ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ።

የነቃሁት በሩ ሲሰበር ነው። እትዬ ዘሀራ የራሳቸውን ቤት ዕቃ ሊያወጡ ሲሮጡ መጥተው፣ በሩ ላይ የእናቴን ጓጉንቸር ሲያዩ፣ ከውስጥም ልጅ ሲያለቅስ ሲሰሙ፣ የሰው ዕቃ የሚያወጡ ሁለት ተሸካሚዎችን ጎትተው በፌሮ አስገንጥለውታል። ዕቃቸውን ትተው አቤልን አዝለው ወጡ፤ እኔን አንዱ ተሸካሚ ተሸከመኝ። ከዚያ የእሳት አደጋ ቦቴ ደርሶ እሳቱን አጠፋው። አባቴ ፊቱ ጠቁሮ፣ ግን ደህና ሆኖ መጣ። ሱቃችን ተቃጥሏል። የእትዬ ዘሀራ ቤትም ተቃጥሏል። እናቴ ቁልፉን እንደጨበጠች ከጋሽ ሳህሌ እግር ሥር ተደፋች፤ እሳቸው ግን «ተይ፣ ተይ፣ እጅሽ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም» ብለው አነሷት።

ያ እንቅልፍ ለዓመታት ሲገርመኝ ኖሯል። ካደግኩ በኋላ በጭንቅ ላይ ስወድቅ፣ የታመመ ልጄን ታቅፌ ስቀመጥም እፈልገዋለሁ፤ አላገኘውም። እኔ የሚመስለኝ መጀመሪያ ነፋሱ ዝም ይላል፣ ከዚያ ሰው ያርፋል ነው። በታሪኩም ጌታ ነቅቶ ነፋሱን ጸጥ አሰኘ፣ ከዚያ ሰዎቹ አረፉ ተብሎ ነው የተነገረኝ። ስለዚህ ሁልጊዜ ነፋሱ እስኪቆም ጥርሴን ነክሼ እጠብቃለሁ፤ አንዱ ሲቆም ደግሞ ሌላው ይነሳል።

ጋሽ ሳህሌ አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ ልጠይቃቸው ሄጄ ይህንኑ አነሳሁባቸው። «ጋሼ፣ ያን ቀን ሳይፈሩ ታሪክ የነገሩን እንዴት ቢችሉበት ነው?» አልኳቸው።

«አልፈራሁም ያለሽ ማነው?» አሉኝ። «ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ ራስሽ አብሮ ሲናጥ አልተሰማሽም?»

«አልተሰማኝም። ተኝቼ ነበር።»

«አንቺማ ተኛሽ። እኔ ደግሞ ታሪኩን ለእናንተ መቼ ነገርኩ? ለጌታ ነው የነገርኩት። ያኔ ተነስተህ ነበር፣ አሁንም ተነስ እያልኩ ስነዘንዘው ነው ያመሸሁት።»

«ታዲያ ተነሳ?»

«ስነዘንዘው፣ ስነዘንዘው፣ መሃል ላይ አጠገቤ እንዳለ ታወቀኝ። እንደ አንቺ፣ እንዲህ ቅርብ። ከዚያ በኋላ ዝም አልኩ። የሚነገር ነገር አጣሁ፤ ጉልበቴም መንቀጥቀጡን ተወ። እንደዚያ ቀን አርፌ አላውቅም።»

«እሳቱ በረደ ማለት ነው?» አልኳቸው።

«ኧረ ልጄ» አሉኝ፣ «እሳቱማ ያን ጊዜ ገና የዘሀራን ጣራ እየያዘ ነበር።»