ካፖርት በግንቦት

ቪዛዬ የወጣ ቀን ቢሮ ውስጥ እልልታው ቀለጠ። የምሄደው ጄኔቫ ለአንድ ሳምንት ስልጠና ነበር፤ መጨረሻ ላይ አዘጋጆቹ በአውቶቡስ ሐይቅና ተራራ ያስጎበኙናል ተብሏል። ይህንን ለሁሉም ተናግሬያለሁ። ማንም አልሰማኝም። «ለሳምንት» ስል አንዳንዱ ፈገግ ይላል፣ አንዳንዱ ይጠቅሰኛል። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ወንበሬ መስኮት ጋ ስለሆነ ከወዲሁ እንድናዘዝላት ጠየቀችኝ።

«እመለሳለሁ እኮ» አልኳት።

«እሱማ ልክ ነሽ፣ ለማንም እንደዚያው በይ» አለችኝ።

ልደታ ኮንዶሚኒየምም ያው ነው። ታች ሱቅ ያላት ጎረቤቴ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥታ አቅፋኝ አለቀሰች። አልቅሳ ስትጨርስ ዓይኗን ጠራረገችና፣ ግቢ ውስጥ ያለው የልብስ ማስጫ ገመዴ ከእንግዲህ ለማን እንደሚሆን ጠየቀችኝ። የሷ ጥላ ላይ ነው፣ የኔ ፀሐይ ያገኛል። «ለኔው ነዋ!» አልኳት። «አይዞሽ፣ እጠብቅልሻለሁ» አለችኝ። እኛ ሰፈር አውሮፓ ሄዶ መመለስ የሚባል ነገር አይታወቅም። የተመለሰ ሰው ወይ የተባረረ ነው፣ ወይ የታመመ።

ባሌ ግን ምንም አላለም። እሱ አብነት ሰፈር ልብስ ሰፊ ነው። ወሎዬ ነው፣ ረጋ ብሎ ነው የሚናገረው፣ ያውም ከተናገረ። እኔ ለሁለታችን የሚበቃ እናገራለሁ። ልሄድ ጥቂት ቀናት ሲቀሩኝ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ቤት መጣና ትከሻዬን ለካ። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው «ዞር በይ» አለኝ። የሰፋልኝ ካፖርት ነው። ጥቁር፣ ወፍራም ሱፍ፣ የውስጥ ፎደራው ድርብ፣ አንገትጌው እስከ ጆሮ የሚቆም። በግንቦት! ሰው በቲሸርት እያላበው!

«አንተ ሰውዬ፣ እዚያም እኮ አሁን ሙቀት ነው» አልኩት።

«አገሩ ብርድ ነው ይባላል» አለ።

ስለብሰው ሰፋብኝ። ሰፍቶብኛል ስለው ክሩን በጥርሱ በጠሰ። ቦሌ የሸኘኝ ጊዜም ቁጥብ ነበር። የስድስት ዓመት ልጃችንን ቤት ስሜያት ወጥቻለሁ። መግቢያው በር ላይ ሻንጣዬን አቀበለኝና «አብሽሪ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ «ስለኛ አታስቢ» ብሎ ጨመረ። ከዚያ ካፖርቱን ክንዴ ላይ አጥፎ አስቀመጠልኝ።

አብረውኝ የተጓዙት የክፍላችን ኃላፊ ነበሩ፣ ጡረታ የተቃረቡ ጨዋ ሰው። ጋሼ ነው የምላቸው። ከበላይ «ልጅቷ ከጠፋች አንተን ነው የምንጠይቀው» ተብለዋል። ይህንን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፣ አውሮፕላኑ ሳይነሳ፣ አንጀት በሚበላ ድምፅ።

«ጋሼ፣ ወላሂ እመለሳለሁ» አልኳቸው።

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው፣ የኔ ልጅ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሽንት ቤት በገባሁ ቁጥር በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ቁርስ ላይ ሥጋውን ስለማላውቀው ዳቦና አይብ ብቻ ሳነሳ፣ እሳቸውም ከኔ ላለመራቅ ዳቦና አይብ ያነሳሉ። ሌሎቹ ሰልጣኞች እሳቸው በጣም የሚወዱኝ ባሌ መስለዋቸው ነበር።

ጄኔቫ ሐይቁ ውስጥ ውሃ ወደ ሰማይ ይረጫሉ። ከኛ ፎቅ እጅግ ይበልጣል። ልደታ አራተኛ ፎቅ ውሃ የሚደርሰው ሲፈልግ ነው፤ ሌላውን ቀን ጀሪካን ተሸክመን በደረጃ እንወጣለን። እነዚህ ሰዎች ግን ማንም ያልለመናቸውን ውሃ ወደ ላይ ይልኩታል፣ ውሃውም ላይ ደርሶ የሚቀበለው ሰው ሲያጣ ተመልሶ ሐይቁ ውስጥ ይወድቃል። ጋሼ ብዙ ቆመው አዩት። «ፓምፑ ጥሩ ነው» አሉ። ስለ ጄኔቫ የሁለታችንም አስተያየት ይኸው ነው። ስልጠናው ስልጠና ነበር።

ከስልጠናው በኋላ ሽርሽሩ ተጀመረና መጀመሪያ የቆምነው ሎዛን ነው። ከተማዋ ዳገት ነች። አውቶቡሱ ለምሳ ያቆመው ታች ሐይቁ ዳር አንድ ካፌ ጋ ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ፈረንጆቹ ልብሳቸውን ሊያወልቁ ምንም አልቀራቸው፣ እኔ ካፖርት ታቅፌ ተቀምጫለሁ። አውቶቡስ ውስጥ ልተወው ብዬ ቢሰረቅብኝስ ብዬ ፈራሁ። ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸው ሽንት ቤት ገብተዋል፤ ሰው ናቸው፣ ምን ያድርጉ።

ጠረጴዛ የምታጸዳው ሴት አበሻ ነበረች። ሰላም ሳትለኝ በፊት ካፖርቱን ነው ያየችው። ዳሰሰችው፣ ገልብጣ ፎደራውን አየች፣ እጅጌውን በእጇ ለካችው።

«ይሄን የሰፋልሽ ሰው የጥርን ብርድ አስቦ ነው» አለችኝ። «ከሥር ሁለት ሹራብ እንዲያስገባልሽ አድርጎ ነው ያሰፋው። አስባችሁበታላ! ጎሽ! ስንቱ በነጠላ ጫማ መጥቶ እዚህ ያለቅሳል።»

«የለም፣ እኔ እኮ ተመላሽ ነኝ። አገሬ ባልና ልጅ አለኝ።»

«እሺ» አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሰውዬው ሳይወጡ በጓሮው በር ውጪ። ሥራ እስክጨርስ ዕቃ ቤት ትቀመጫለሽ። የሚደረገውን ሁሉ እኔ አሳይሻለሁ። ከዚያ ባልሽንና ልጅሽን ታስመጫለሽ።»

«ያንቺዎቹ መቼ መጡ?»

«የኔዎቹ እንኳ ገና ናቸው» አለች፣ ጠረጴዛውን ደግማ እየወለወለች።

መዋሸት አልፈልግም፣ የጓሮውን በር አይቼዋለሁ። ልጄን የተሻለ ትምህርት ቤት አስገብቼ አየሁ፣ ባሌን ሐይቁ ዳር ሱቅ ከፍቼለት አየሁ። ግን ከዚያ ሁሉ በላይ ጆሮዬ ላይ የሚጮኸው ሌላ ነገር ነበር። ባሌ በሕይወቱ ልክ ስቶ አያውቅም። የማንንም ሱሪ አስጠብቦ ወይ አስፍቶ አያውቅም። ለካ ካፖርቱ የሰፋኝ ለሹራቡ ነው! ስለኛ አታስቢ ያለኝም ለዚህ ነው። ሰውዬው ሸኝቶኛል። አፉን ሳይከፍት፣ ለክቶ፣ ቆርጦ፣ ሰፍቶ ሸኝቶኛል። ይፈልገኛል ወይስ አይፈልገኝም? እንዲህ ያለውን ነገር አሥር ዓመት አብሮ የተኛ ሰው አያውቅም?

ጋሼ እጃቸውን ሳያደርቁ እየሮጡ ወጡ። እዚያው ተቀምጬ ሲያዩኝ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

ቀጥሎ ያለፍንባት ከተማ ሞንትሩ አበባ ብቻ ነው ይላሉ። አላየሁም፤ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ልደታ ካለው ባሌ ጋር እየተጣላሁ ነበር። ስልክ ደውዬ ልጮህበት አሰብኩና ተውኩት። ስልክ ላይ ደግሞ ዝምታው ይብሳል። ወደ ፈረንሳይ ስንሻገር ጋሼ የሁለታችንንም ፓስፖርት ገልጠው ይዘው ድንበሩን ይጠብቃሉ። ሹፌሩን ቢጠይቁት ካለፍነው ቆይቷል አላቸው። በጣም ተከፉ። «እንዴት አንድ ሰው እንኳን አይጠይቅም?» እያሉ ፓስፖርቶቹን መልሰው ለማስገባት ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው።

ሻሞኒ በምትባል የተራራ ከተማ በገመድ በተንጠለጠለ ሳጥን በረዶው ድረስ ወሰዱን። ፈረንጆቹ በቁምጣ ነው የወጡት፣ ላይ ሲደርሱ ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል። እኔ ካፖርቴን ለበስኩ። ሞቀኝ። አንገትጌውን አቆምኩት፣ ነፋስ የምትገባበት ቀዳዳ የለውም። ይኸው ነው ይበልጥ ያበገነኝ። አንዲት ሴት መጥታ የት እንደገዛሁት በምልክት ጠየቀችኝ። ባሌ ሊያባርረኝ ሰፍቶልኝ ነው ለማለት ፈረንሳይኛ አልነበረኝም።

በመጨረሻ አንሲ የምትባል ከተማ አደርን። ውሃው በየቤቱ ደጃፍ ያልፋል፣ ባልና ሚስት ድልድዩ ላይ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። በጣም ያምራል። እዚያ ድልድይ ላይ ጋሼን «በቃ፣ እሄዳለሁ» ስላቸው ደነገጡ። «ቤቴ ነው የምሄደው፣ ጋሼ።» ሰው አገሩ ናፍቆት ይመለሳል ይባላል። እኔ የተመለስኩት ባሌን ለመቆጣት ነው።

ቦሌ ስንደርስ ጋሼ ግንባሬን ሳሙኝ። «አላሳፈርሽኝም» ብለው ታክሲ ውስጥ ገቡና ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ልደታ ስደርስ ጎረቤቴ አንሶላዋን ገመዴ ላይ እያሰጣች ነበር።

«ውይ በሞትኩት! አባረሩሽ?»

«የለም።»

«ታመምሽ እንዴ?»

«ደህና ነኝ።»

«ታዲያ ምን ነካሽ?» አለችኝ፣ ከልቧ አዝና።

ሻንጣዬን እሷ ሱቅ ጣልኩና ካፖርቱን ብቻ ይዤ ወደ አብነት በእግሬ ወረድኩ። ያኔ ለባቡሩ መንገዱ ሁሉ ተቆፍሮ ነበር፤ አቧራው ላይ እየዘለልኩ የምናገረውን አጠናሁ። ሱቁ ስገባ ባሌ ስፌት መኪናው ላይ ነው። ቀና ብሎ አየኝ። እግሩ ፔዳሉ ላይ ቆመ። ካፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት።

«ይሄ የጥር ካፖርት ነው! በሱፍ ጠቅልለህ አባረርከኝ! ምን አድርጌህ ነው?»

ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ ነገ እመለሳለሁ ብሎ ሹልክ አለ። ባሌ ካፖርቱን አንስቶ አቧራውን አራገፈ።

«ሰው ሁሉ ትቀራለች ይላል» አለ። «አንቺም ያሰብሽበት መሰለኝ። ለኔ መናገር ያፈርሽ።»

«በቀን አሥሬ እመለሳለሁ እያልኩህ?»

«የሚቀርም ሰው እንደዚያው ነው የሚለው።»

«ታዲያ አትጠይቀኝም? አፍ የለህም?»

እጅጌው ላይ የቀረ ክር ፈልጎ መንቀል ጀመረ። ክር የለም፣ አይቻለሁ።

«ብጠይቅሽ አዎ ብትዪኝስ?» አለ። «ከቀረችም አይብረዳት ብዬ ነው።»

ሁለት አገር ስዞር ያጠራቀምኩት ጩኸት ነበረኝ። አንዱም አልወጣም። ደንበኛ የሚቀመጥበት ዱካ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ የተሰቀሉትን ሱሪዎች ያስተካክል ጀመር። አንዱን ሱሪ ሦስቴ አውርዶ ሰቀለው። ያን ቀን እንደወደድኩት ወድጄው አላውቅም፣ በዱላ ልመታውም ፈልጌ ነበር።

ሱቁን ዘግተን ልጃችንን ከትምህርት ቤት ልናወጣ አብረን ሄድን። መንገድ ላይ የሚያውቀን ሁሉ ቆም እያለ በኀዘን ያየኛል። ልጄ ከልጆቹ መሀል ወጣች፣ አየችኝ፣ መጥታ አቀፈችኝና «ቸኮሌት አመጣሽ?» አለችኝ። አልጮኸች፣ አልዘለለች። ቅር አለኝ።

«እማዬ ከአውሮፓ ስትመጣ አትደነግጪም እንዴ?»

«ዛሬ ሐሙስ አይደል?» አለች። «አባዬ ሐሙስ ትመጣለች ብሎኛል።»

ዞሬ አየሁት። ልደታ ሁሉ አትመለስም ብሎ ተስማምቷል፣ እሱ ራሱ አምኖ ካፖርት ሰፍቷል።

«ባልመጣ ኖሮስ ምን ልትላት ነበር?» አልኩት።

«የሚቀጥለው ሐሙስ።»

«ከዚያስ?»

ጎንበስ ብሎ ቦርሳዋን ከጀርባዋ አወረደላትና እሱ ትከሻ ላይ አንጠለጠለው።

«ሐሙስ መች ያልቃል» አለኝ።