ስም ያጣው የዘንገና ዳር

የዘንገና ሐይቅን ካርታ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው በምሥራቁ ዳር ነው። በምዕራቡ በኩል ምንጩም ጉብታውም፣ የእግር መንገዱም ሳይቀር ስም አለው። በምሥራቁ ግን ጠመዝማዛ የከፍታ መስመሮች ብቻ። ስሙን ያሳጣሁት እኔ ነኝ።

ስድስተኛ ክፍል ሳለን ቀያሾች መጡ። ባለሦስት እግሩን መነጽራቸውን ከሐይቁ አፋፍ ላይ ተከሉና የቦታዎቹን ስም የሚነግራቸው ተማሪ ፈለጉ። እኔ በጂኦግራፊ ከክፍሉ አንደኛ ነበርኩ፤ ግን የቆሰበር ከተማ ልጅ ነኝ፣ አገውኛ አልችልም። የተመረጠችው እዚያው ዘንገና ተወልዳ ያደገችው ጓደኛዬ ትርፌ ነበረች።

ሳምንቱን ሙሉ እሷ ከፊት፣ ቀያሾቹ ከኋላ፣ እርጥብ ቅጠል በሚሸተው ጫካ ሲዞሩ እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ። በመነጽሩም አሳዩዋት። "ማዶ ያለችው ላም ጆሮዋን ስታራግፍ ይታያል እኮ!" ስትለኝ ሳቅሁላት፤ በልቤ ግን ቀናሁባት።

ምዕራቡን ጨርሰው ወደ ምሥራቁ ሊሻገሩ ሲሉ አለቃቸውን ለብቻቸው ጠብቄ፣ "ጋሼ፣ ትርፌ ስሞቹን ከራሷ እየፈጠረች ነው የምትነግርዎት" አልኳቸው።

በማግስቱ ምክንያቱን ሳይነግሯት አሰናበቷትና እኔን ጠሩኝ። ደስታዬ የቆየው እስከ መጀመሪያው ምንጭ ድረስ ነበር።

"ይህስ ማን ይባላል?" አሉኝ።

ዝም አልኩ። በቀጣዩም ዝም አልኩ። በሦስተኛው ላይ ደብተራቸውን ዘጉት። የምዕራቡን ስሞች ሽማግሌ ጠይቀው እውነት ሆነው አገኟቸው፤ ለምሥራቁ ግን ክረምቱ ቀደማቸውና ሄዱ።

ትርፌ አሁን አገውኛ አስተማሪ ናት። እኔ የምሠራው መሬት ቢሮ ነው። ባለፈው ወር ለይዞታ ደብተሯ ጉዳይ ስትመጣ ካርታውን ዘርግቼ ሁሉንም ነገርኳት።

"እኔ እኮ አባቴ ነው ያስቀረኝ ብዬ ነበር" አለች ዓይኗን ከካርታው ሳታነሳ። "ሴት ልጅ ከወንድ ጋር ጫካ አትዞርም ይል ስለነበር። እስኪሞት ድረስ አኩርፌዋለሁ።"

ካርታውን ወደ ራሷ ሳበችና ዛሬ ዲከረንስ የሚሉት የከሰል ዛፍ የሸፈነውን ያን ዳር፣ አንድ ሳታዛንፍ በስም በስሙ ጠራችልኝ። እኔ በእርሳስ እጽፋለሁ።

"እንዲህ አይደለም የሚጻፈው፤ አምጪ እስቲ" አለችና እጇን ዘረጋች።

ያችው የድሮዋ ቅናት ውስጤን ጫር አደረገችኝ። ልጅ ብሆን አልሰጣትም ነበር። እርሳሱን ሰጠኋት።